ያልጠየቅኳቸው ሁለት ሰዎች

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ወደቅኩ። ሌላ ስም የለውም።

ኮሌጁ በር ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ ስሜን አግኝቼ መስመሩን በጣቴ ሦስት ጊዜ ተከተልኩት። የጽሑፍ ፈተና፦ ብቁ። የተግባር ፈተና፦ ገና ብቁ ያልሆነች። «ገና» የምትለዋን ማን እንደጨመራት አላውቅም፤ ለማጽናናት ከሆነ አላጽናናችኝም። አጠገቤ የቆሙት ልጆች፣ ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ልጆች፣ ይተቃቀፋሉ። አንዷ ያለፍኩ መስሏት እኔንም አቀፈችኝ። እኔም መልሼ አቀፍኳት። ምን ላድርግ?

አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። መቱ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ሥራ አሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን በማታ ጨረስኩ፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ነርስነት ተማርኩ። አንድ ቅዳሜ አልቀረሁም፤ ጭቃው ጫማ ሲያወልቅ እንኳን። ግን መማሩ ብቻውን አያበቃም። የብቃት ምዘናውን ያላለፈ ሰው ነርስ አይባልም፣ መርፌም አይጨብጥም። ስለዚህ እኔ ዛሬም የጽዳት ሠራተኛ ነኝ።

ከዚያ ሥራ ገባሁ። ኮሪደሩን ወለወልኩ። ሲስተር ሌንሴ ከሩቅ አይታኝ ገባት። የወንዶች ክፍል ነርስ ናት፤ ክፍል ውስጥ ያልገባኝን ሁሉ በሻይ ሰዓቷ ያስረዳችኝ እሷ ናት። «አይዞሽ» አላለችኝም፤ «አይዞሽ» የምትል ሰው አይደለችም። «ነገ ሄደሽ በምን እንደወደቅሽ ጠይቂ» አለችኝና አለፈች።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ካደግኩባት ከሁሩሙ ደወለች።

እዚህ ጋ እውነቱን ልጻፍ። ደብተሩን የሚያየው የለም።

«እህ? ምን አሉሽ?» አለች። ከጀርባዋ የሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ ጎረቤት ሰብስባ ነው የደወለችው። የራሷ ድምፅ ግን የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። አባቴ ሲሞት ከትምህርት ቤት ያስቀረችኝ እሷ ናት። ሌላ ምርጫ አልነበራትም፣ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ተነጋግረን አናውቅም፤ ግን ደብተር ይዤ ባየችኝ ቁጥር ዓይኗን ከእኔ ታሸሻለች። ማለፍ የፈለግኩት ለእኔ ብቻ አልነበረም። ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን እፎይ እንድትል ነበር።

«አለፍኩ» አልኳት።

እልልታው ጆሮዬን ሊበጥሰው። ስልኩን ዘግቼ መወልወያ የምናስቀምጥበት ክፍል ገባሁና ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ማልቀስ አማረኝ፤ ግን ዋሽቶ ማልቀስ ምን ይሉታል?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

በምን እንደወደቅኩ አወቅኩ። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

መዛኙ ከሌላ ከተማ የመጣ ትሑት ወጣት ነው። ቅጹን አውጥቶ እያንዳንዱን መስመር አሳየኝ። እጅ መታጠብ፦ ተደርጓል። ጓንት፦ ተደርጓል። የመርፌ አያያዝ፦ በጣም ጥሩ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቀይ እስክሪብቶ። «የታካሚውን ሙሉ ስምና ዕድሜ ጠይቆ ከካርዱ ጋር ማመሳከር።» ይህን የዘለለ ሌላው ሁሉ አይቆጠርለትም።

አልጠየቅኩም። ታካሚ ሆነው አልጋው ላይ የተኙት ጋሼ ታደሰ ነበሩ! ጡረታ የወጡት የሆስፒታላችን ዘበኛ። ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርሽ ዘርፌ» እያሉ በር የከፈቱልኝ ሰው። እኒህን ሽማግሌ ፊት ለፊት «ስምዎ ማን ነው?» ልበላቸው? ያበድኩ አይመስላቸውም? ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኳቸው፣ መድኃኒቱን ቀዳሁና ለመለማመጃ የተዘጋጀው የጎማ ክንድ ላይ ወጋሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። በራሴ ኮርቼ ነበር።

ካርዱ ላይ ያለው ስም የሌላ ሰው ነበር። ሆን ብለው ነው ያስቀመጡት። መድኃኒቱም የሌላ ሰው።

«ስለሚያውቋቸው ነው፣ አይደል?» አለኝ መዛኙ። «ትንሽ ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው በዚህ ነው የሚወድቀው። የሚያውቁትን ሰው መጠየቅ ይከብዳቸዋል።»

ወደ ቤት ስመለስ እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ በእሱ ተናድጄ ሄድኩ። ከድልድዩ በኋላ ንዴቱ ወደ እኔ ዞረ።

አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በተግባር ብቻ የወደቅን ሰዎች መዛኞቹ ከመሄዳቸው በፊት ማክሰኞ በድጋሚ እንፈተናለን። ተመዘገብኩ። እሱ ካመለጠኝ መቼ ተመልሰው እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። ማክሰኞ ካለፍኩ ግን ውሸቴ አምስት ቀን ብቻ የኖረ ውሸት ይሆናል፤ እናቴም ሳታውቀው ይቀራል። ይህን ሳስብ ቀለል አለኝ። ሻይ በቦምቦሊኖ በላሁ።

እናቴ ደግማ ደወለች። ነገ እንድመጣ፣ ዶሮ ልታርድ። በዚያው መሃል «ይማምን የቡና ጉቶ ወግቶት እግሩ አብጧል» አለች። «ዛሬ መቱ ሊሄድ ተነስቶ ነበር፤ ነገ ልጄ ትመጣ የለ እንዴ፣ ምን ያንከራትትሃል ብዬ አስቀረሁት።» እሺ አያቸዋለሁ አልኩ። ጎረቤታችን ጋሼ ይማም የማር ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዛፍ ላይ እየወጡ ቀፎ ሲሰቅሉና ሲያወርዱ የኖሩ። እሾህና ጉቶ ለእሳቸው ብርቅ አይደለም።

ለማክሰኞ የምለማመደው፦
ሰላምታ፣ ራስን ማስተዋወቅ።
ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ካርዱን ማየት።
ምን ሆኑ? ከመቼ ጀምሮ?
ሌላ ሕመም አለብዎ?
ከሥር ደግሞ «ብታውቂውም ጠይቂ!» ብዬ ሁለቴ አሰመርኩበት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሆስፒታል ነኝ፤ ለሥራ ግን አይደለም። እጄ ስለማያርፍ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሁሩሙ ስደርስ ገበያው ቆሟል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ከሚኒባሱ እንደወረድኩ «ሲስተር! ሲስተር!» ይሉኝ ጀመር። እናቴ ያላዳረሰችው ሰው የለም። ማር የምትሸጥ የማላውቃት ሴት እጄን ይዛ «ዋቅኒ ሲ ሃ ገርጋሩ» አለችኝ፤ ፈጣሪ ይርዳሽ ማለቷ ነው። «አሜን» አልኩ። እጄን ቶሎ አላቀቅኩ።

ጋሼ ይማም እናቴ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ በርጩማ ላይ ተሰቅሏል። «የኛ ነርስ መጣች!» አሉ። ቤቱ ይበርዳል፤ እሳቸው ግን ላብ በላብ ናቸው።

ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ታሞ ስለነበር መኪናው ካወረደን ቦታ እስከ ሰፈራው ድረስ በጀርባቸው ያዘሉኝ ጋሼ ይማም ናቸው። እኛ ክርስቲያን፣ እሳቸው እስላም። አባቴ ሲሞት የቤታችንን ክዳን ያደሱልን እሳቸው፤ እኔ ትምህርት ሳቆም «ልጅቷን አታስቀሪያት፣ እኔ እረዳሻለሁ» ብለው እናቴን የለመኗት እሳቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

ጨርቁን ፈታሁት። ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። ያንን ሽታ ስጠርገው የኖርኩት ነው፤ ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም። ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል። ቅላቱ ቁርጭምጭሚቱን አልፎ ወደ ላይ ሄዷል።

ትናንት በስልክ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን! ከመቼ ጀምሮ? ምን ይመስላል? ያንን ሁሉ በቀይ የተጻፈ ነገር አይቼ፣ ሁለቴ አስምሬ፣ ደብተሬን እንኳን ሳልከድን ያንኑ ስህተት ደገምኩት። አውቃቸዋለሁ ብዬ።

ተንበርክኬ ጠየቅኩ። ነውር የምለውን ሁሉ ጠየቅኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ከማክሰኞ። ያምዎታል? «አያመኝም፤ እሱ ነው የገረመኝ።» ውሃ ይጠማዎታል? «ጉድ እኮ ነው፣ እንስራውን እኔ ነኝ የምጨርሰው።» ሽንትስ? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?

 እናቴ «ኧረ ዘርፌ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሼ ይማም አንገታቸውን ደፍተው «አምስቴ... ስድስቴ» አሉ።

ስኳር ነው። ማን ያውቃል ስንት ዓመት ይዘውት እንደኖሩ።

«አሁኑኑ መቱ እንሄዳለን» አልኩ።

«አንቺ አታክሚውም?» አለች እናቴ።

«አላክምም።»

ለምን እንደማላክም አልተናገርኩም። ሰው ፊት አፌ ታሰረ። ያው፣ ፈሪ ነኝ።

ሚኒባስ ውስጥ እግራቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ መጣን። መንገዱን ሁሉ ስለ ማር ነው ያወሩኝ። ቀረሮው ዛፍ ላይ አምስት ቀፎ አላቸው፣ ማሩ በዚህ ወር መውረድ አለበት፤ ከዘገየ ንቡ ራሱ ይበላዋል። እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ።

ሲስተር ሌንሴ ስኳራቸውን ለካች። መለኪያው ቁጥር መስጠት አቅቶት «ከፍተኛ» ብሎ ብቻ ጻፈ። ሐኪሙ «ስኳር መሆኑን ማን ጠረጠረ?» ሲል ሌንሴ በአገጯ እኔን አሳየችው። ለአፍታ ደስ አለኝ። ወዲያው ሐኪሙ «ትናንት መጥተው ቢሆን...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ትናንት ቢመጡስ?» አልኩት።

«ምናልባት ጣቶቹ ብቻ ይቆረጡ ነበር። ምናልባት ደግሞ ያው ይሆን ነበር። ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም።»

ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

እሁድ፣ ግንቦት 10

እናቴና ሰዓዳ መጡ። ሰዓዳ የጋሼ ይማም ልጅ ናት፤ አግብታ የምትኖረው ኡካ ከተማ ነው። ገና ከመንገድ ሳታርፍ አባቷን አይታ ወጣችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

እናቴ ደግሞ ምን አደረገች? ነርሶቹ ጠረጴዛ ጋ ሄዳ «ልጄም እኮ አሁን ከናንተ እንደ አንዷ ሆነች፣ ጎሽ፣ አስተምራችሁ ለዚህ አበቃችኋት» አለቻቸው። ሦስት ነርሶች። ሦስቱም መውደቄን ያውቃሉ። ሁለቱ ተያዩ። ሲስተር ሌንሴ ከምትጽፈው ቀና ሳትል «ዘርፌ ጎበዝ ናት፣ እናቴ» አለቻት። ውሸት አልተናገረችም፣ እውነቱንም አላወጣችብኝም። ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ሰዓዳ ጠየቀች። መጠየቋ አይቀርም ነበር። «ከማክሰኞ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ እንዴት ዝም ተባለ? አንድ ሰው ወደ መቱ የሚለው ጠፋ?»

«ዓርብ ሊሄድ ነበር» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ልጄ ትመጣለች ብዬ።»

 የሰዓዳ ዓይን እናቴ ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ አልቻልኩም። እናቴን ክንዷን ይዤ ወደ ውጭ አወጣኋት፣ የልብስ ማስጫው አጠገብ። አንሶላዎቹ ተሰጥተው ነፋስ ያንሳፍፋቸዋል።

«እማ፣ አላለፍኩም።»

«ምኑን?»

«ፈተናውን። ሐሙስ ዕለት ዋሸሁሽ።»

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮኽ ኖሮ! እንዲያውም ብትመታኝ። ስለ ፈተናው፣ ስለ ሦስት ዓመቱ፣ ስለ እልልታዋ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ነጠላዋን ደጋግማ አስተካከለችና «ታዲያ እኔ ይማምን ማን ትመጣለች ብዬ ነው ያስቀመጥኩት?» አለች።

ነፋሱ ያመጣውን አንሶላ ከፊታችን ገለል አደረግኩ። 

የእኔን ጥፋት እሷ ላይ ጫንኩት። እፎይ ትበል ብዬ ነበር የዋሸሁት፤ እንግዲህ ሰፈር ውስጥ ይማምን ያስቀረች አበራሽ ተብላ ልትኖር ነው። ወደ ሁሩሙ ስትመለስ መኪና ላሳፍርሽ ብላት እጄን ገፋ አደረገችው። በኃይል አይደለም፤ ገፋ ብቻ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ ተናገረ። ጣቶቹን መቁረጥ አይበቃም። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ ዛሬውኑ። ካልሆነ ነፍሳቸውን ይዞ ይሄዳል።

ሲስተር ሌንሴ የፈቃድ ቅጹንና የጣት ቀለሙን ይዛ መጣች። እኔ ባልዲዬን ይዤ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ጋሼ ይማም ሐኪሙን አላዩም፣ ሌንሴንም አላዩም። እኔን ጠሩኝ።

«አንቺ ነርስ ነሽ፣ የኔም ልጅ ነሽ» አሉኝ። «እነዚህ ሥራቸው ነው፤ ይቆርጣሉ። አንቺ ፈርም ካልሽኝ እፈርማለሁ፣ አይሆንም ካልሽኝ ቤቴ እገባለሁ።»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «ይፈርሙ» ብል ይፈርማሉ፣ ነፍሳቸው ትተርፋለች፤ ውሸቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር ይጠቅማል። እውነቱን ብናገርና ተናደው እምቢ ቢሉስ? ባልዲዬን መሬት አስቀመጥኩ። ሰዓዳ ታየኛለች።

«ጋሼ፣ ነርስ አይደለሁም» አልኩ። «ወድቄያለሁ። ለእማ ዋሸኋት። እሷም እኔን አምና ነው ዓርብ ያስቀረችዎ። እኔ እዚህ ጠራጊ ነኝ። ግን የሚነግሩዎ ነገር እውነት ነው። እግሩን አይቼዋለሁ። እባክዎ ይፈርሙ።»

  ሰዓዳ «ያ አላህ» ስትል ሰማኋት። ጋሼ ይማም ፊታቸውን ከእኔ ወደ ሲስተር ሌንሴ አዞሩ፣ እዚያው አልጋ ላይ ሆነው፣ እና በኦሮምኛ ጠየቋት። እኔ እንዳልሰማ አይደለም፤ እሰማለሁ፣ ያውቃሉ። «ዹጋዻ?» አሏት፤ እውነት ነው? እሷም «ዹጋ» አለቻቸው። አውራ ጣታቸውን ለሌንሴ ሰጧት።

ሲወስዷቸው ኮሪደሩን እየወለወልኩ ነበር። ሥራዬ ነው። የወለወልኩትን ደግሜ ወለወልኩት።

ከሰዓት ከቀዶ ሕክምና ወጡ። ተርፈዋል። ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ እግራቸው አይደለም። «ቀፎዎቹን ማን ሊያወርዳቸው ነው?» አሉ፤ ማንንም አይተው አይደለም። በሩ ጋ መቆሜን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ባፍርም ልጻፈው፦ ዛሬ አለቀስኩ። ባልዲው ላይ ተቀምጬ፣ አፌን በጓንት ይዤ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ላለመሄድ ወስኜ ነበር። ጠዋት መወልወያዬን ይዤ ስገባ ሲስተር ሌንሴ መንገድ ዘጋችብኝ።

«ፈተና የለሽም?»

«አልሄድም። በምን ፊቴ?»

«ባትሄጂ እግሩ ይበቅላል?» አለች። እንዲህ ናት። መወልወያውን ከእጄ ነጥቃ ግድግዳ ላይ አስደገፈችው። «ሂጂ። መውደቅ ካለብሽም ሌላ ነገር ላይ ውደቂ፤ እዚያው ላይ ሁለቴ አትውደቂ።»

ሄድኩ። ፊቴ አብጧል። አልጋው ላይ ማን ተኝቷል? ጋሼ ታደሰ! ከተማው ውስጥ ሌላ ሰው የሌለ ይመስል። «ዘርፌ፣ ደህና አደርሽ?» አሉኝ፤ እንደ በፊቱ ፈገግ ብለው።

«ደህና አደሩ። ዘርፌ እባላለሁ፣ ዛሬ የማክምዎ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ሙሉ ስምዎን ይነግሩኛል?»

ግራ ተጋቡ። መዛኙን አዩ፣ እኔን አዩ። ጆሮዬ ጋለ፣ ግን ዓይኔን አልሰበርኩም። ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው ነገሩኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት የአባታቸውን ስም አላውቅም ነበር። ዕድሜ ስጠይቃቸው «ሰባ ሦስት» አሉ። እኔ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሦስት ነበር የምላቸው። ካርዱን አየሁ፤ ስሙ ትክክል፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት ያንሳል። መርፌውን አስቀመጥኩ። «ካርዱ የእሳቸው አይደለም፤ ሳይጣራ መድኃኒት አልሰጥም» አልኩ። መዛኙ ምንም ሳይናገር ሌላ ካርድ ሰጠኝ።

«ሌላ ሕመም አለብዎ?» ስላቸው ጋሼ ታደሰ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደም ግፊት እንዳለባቸው ነገሩኝ፤ ኪኒኑን ከተዉት ወር ሆኗቸዋል። ይህ የፈተናው አካል አልነበረም። እውነተኛ ነገር ነው። ስንጨርስ ይዣቸው ወደ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ሌንሴ ለካቻቸውና ጮኸችባቸው።

በመንገድ ላይ ሳስበው ይህን ያህል ዓመት እኒህን ሰው ሰላም እላቸዋለሁ እንጂ አንድም ቀን ስለ ራሳቸው ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ማታ ወደ ሁሩሙ ደወልኩ። እናቴ አላነሳችውም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ውጤቱ ከሰዓት ተለጠፈ። ብቁ።

እዚያው ቆሜ አነበብኩት። የሚያቅፈኝ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹ የሐሙስ ዕለቱን ደስታ ጨርሰው ወደየቤታቸው ሄደዋል። ኮሌጁ ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለበት ጊዜያዊ ማስረጃ ሰጡኝ፤ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ። በፕላስቲክ ጠቅልዬ በደረቴ ያዝኩት፤ ዝናብ ነበር። ደስ ይለኛል ብዬ ሳስበው የኖርኩት ቀን ይህ ነው። ደስታው የት ሄደ? እንዳለ ይሰማኛል፣ ግን የሆነ ነገር ተጭኖታል።

በቀጥታ ወንዶች ክፍል ገባሁ። ሰዓዳ ምግብ ልትገዛ ወጥታለች። ጋሼ ይማም ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ብርድ ልብሱ አንድ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ነው። እዚያ እንዳላይ ታገልኩ፣ አየሁ።

«ጋሼ፣ ፈተናውን ደገምኩት» አልኳቸው። «አለፍኩ።»

 እጃቸውን ዘረጉ፤ ለእጄ አይደለም፣ ለወረቀቱ። ማንበብ አይችሉም። አጠገባቸው ክንዱ ተሰብሮ ለተኛው መምህር አቀበሉት።

«እስቲ ይህን አንብብልኝ» አሉት። «ምን ይላል?»

መምህሩ እኔን አየኝ፣ አፈረ። ከዚያ አነበበላቸው፤ ወደ አማርኛ እየመለሰ፣ ቀስ ብሎ። ብቁ ሆና ተገኝታለች ይላል አለ።

«ስሙ የሷ ነው?»

«የሷ ነው።»

«ቀኑስ?»

«የዛሬ ነው፣ አባቴ።»

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

ቆሜ ሰማሁ። በጀርባቸው አዝለው ካመጡኝ ጀምሮ ቃሌን ተጠራጥረው አያውቁም ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉትና መለሱልኝ። «ጎሽ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ይቅር አልኩሽም አላሉም፣ ሂጂም አላሉኝም። ትንሽ ቆይተው «ለእናትሽ ነግረሻታል?» አሉኝ።

«አታነሳም።»

«ደውዪ።»

ደወልኩ። አነሳችው። ትንፋሿ ይሰማኛል። ከኋላዋ ማንም የለም፤ ብቻዋን ናት።

«እማ፣ አለፍኩ» አልኳት።

ያው ቃል። ከአፌ ሲወጣ ራሴንም አስደነገጠኝ።

 «ይማም አጠገብሽ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«እሱን ስጪኝ።»

ስልኩን ሰጠኋቸው። ጋሼ ይማም ሁለት እጃቸውን ተጠቅመው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፣ እኔን ሳያዩ መስኮቱን እያዩ።

«እውነት ነው፣ አበራሽ» አሉ። «አስነብቤዋለሁ።»